192.168.1.7 እኔም ጋ፣ ጓደኛዬም ጋ፤ ታዲያ መልሱ ወደ ማን ይሄዳል?

ጥያቄው፦ «ኔትወርክ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ላፕቶፔ አይፒ አድራሻህ 192.168.1.7 ነው ይለኛል። አይፒ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ላይ ስገባ ግን 203.0.113.45 ይሉኛል። የባሰው ደግሞ ሌላ ሰፈር የሚኖር ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይም ያው 192.168.1.7 አገኘሁ። ታዲያ ድረ ገጹ የላከልኝ ነገር እሱ ጋ ሳይሄድ እኔ ጋ እንዴት ይደርሳል? በመሃል ያሉት ራውተሮችስ መንገዱን ከየት ያውቁታል? ማክ አድራሻ የሚባለውስ ምን ይሠራል? አንድ አድራሻ አይበቃም ነበር?»

መልስ፦

መጀመሪያ አንድ ነገር። ሁለተኛውን ቁጥር እኔ ነኝ የቀየርኩት። የራስህን የውጭ አድራሻ ሰው በበዛበት ቦታ አትለጥፍ። በ203.0.113 የሚጀምሩት ለማስተማሪያ ጽሑፍ የተተዉ ስለሆኑ ማንም ቤት አይገኙም፤ በነሱ እንጫወት። ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ ደግሞ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንብባቸው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚሠሩበት ክልል ግን ለየቅል ነው። መንገዱን በተመለከተ ደግሞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቀው አንድም ማሽን የለም። እያንዳንዱ ራውተር የሚያውቀው «ከእኔ ቀጥሎ ለማን ላቀብል» የሚለውን ብቻ ነው። ዱላ ቅብብል በለው። አሁን ፓኬትህን፣ ማለትም የምትልከው ነገር ተቆራርጦ የሚሄድበትን ትንሽ ጥቅል፣ ከላፕቶፕህ ጀምረን እንከተላት።

ጎረቤት ነው ወይስ ሩቅ?

አይፒ አድራሻ አራት ቁጥሮች ይመስላል እንጂ ለማሽኑ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው። ነጥቦቹ ለእኛ ዓይን የተቀመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል 8 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይሄዳል። ፊልም ላይ 312 ምናምን የሚል አይፒ ካየህ የውሸት ነው።

በዚህ አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ነገር ተጣብቆ ይኖራል፤ የኔትወርኩ መለያና የማሽኑ መለያ። የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚነግርህ ሰብኔት ማስክ ነው። ያንተ ማስክ 255.255.255.0 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች ኔትወርኩን፣ የቀሩት 8 ደግሞ ማሽኑን ያመለክታሉ። ባለሙያዎች አሳጥረው /24 ይሉታል። እንደዚህ ባለ ኔትወርክ ውስጥ ለማሽን የሚሰጡት 254 አድራሻዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የኔትወርኩ ስም፣ የመጨረሻው ደግሞ ለሁሉም በአንዴ መጥሪያ ተብለው ይቀራሉ።

ብዙ ተማሪ ማስክን ለፈተና የሚሸመደድ ሒሳብ ያደርገዋል። ሥራው ግን አንዲት ጥያቄ መመለስ ነው፤ ልልክለት ያሰብኩት ማሽን ጎረቤቴ ነው ወይስ ሩቅ ነው? ጎረቤት ከሆነ በቀጥታ እሰጠዋለሁ። ሩቅ ከሆነ ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለቤቱ ራውተር፣ አስረክበዋለሁ። ላፕቶፕህ ለእያንዳንዷ ፓኬት ይህን ይወስናል።

ይቺ ጥያቄ በስህተት ስትመለስ ምን እንደሚመጣ ልንገርህ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀኔን የበላ ችግር ነበር። አንድ ኮምፒውተር ላይ ኢንተርኔቱ እንደ ጉድ ይሠራል። ሌላ ቅርንጫፍ ያለውን 192.168.5.20 የሚባል ሰርቨር ግን ጨርሶ አያገኘውም። ከጎኑ ያለው ኮምፒውተር ያገኘዋል። ገመድ ቀየርኩ። ፋየርዎሉን (ያልተፈለገ ግንኙነት የሚከለክለውን አጥር) አጠፋሁ። ራውተሩን ጠረጠርኩ። ምንም የለም። በመጨረሻ የኮምፒውተሩን አርፕ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። 192.168.5.20 እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ግን ማክ አድራሻ የለም። ነቃሁ። ያ ሰንጠረዥ የጎረቤት መዝገብ ነው። የሌላ ቅርንጫፍ ማሽን እዚህ ምን ይሠራል? ማስኩን ሳየው፣ በእጁ የሞላው ሰው 255.255.255.0 በማለት ፈንታ 255.255.0.0 ብሎታል። በዚህ ማስክ በ192.168 የሚጀምር ሁሉ ጎረቤት ነው። ኮምፒውተሩ ፓኬቱን ለራውተሩ መስጠት ሲገባው ክፍሉ ውስጥ «192.168.5.20 የታለህ?» እያለ ይጣራል። አቤት የሚል የለም። የኢንተርኔት አድራሻዎች ግን በ192.168 ስለማይጀምሩ ሩቅ ናቸው ብሎ በሥርዓቱ ለራውተሩ ይሰጥ ነበር። ኢንተርኔቱ የሠራው ለዚህ ነው። አንዲት 255 ጠፍታ ግማሽ ቀን።

ማክ አድራሻ ለምን?

ታሪኩ ውስጥ ማክ አድራሻን በወሬ መሃል አስገባሁት። አሁን በደንብ እንየው።

ማክ አድራሻ 48 ቢት ነው። የኔትወርክ ካርዱ ሲመረት ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ መለያ ናቸው። አሁን አሁን ስልኮች ባለቤቱ እንዳይታወቅ በየዋይፋዩ የውሸት ማክ እየፈጠሩ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ «በፍጹም አይቀየርም» የሚለውን የድሮ አባባል እርሳው።

ማክ አድራሻ ማን እንደሆንክ ይናገራል እንጂ የት እንዳለህ አይናገርም። ቁጥሩን አይቶ «ይሄ በስተምሥራቅ ነው» ማለት አይቻልም። ኢንተርኔት በማክ ብቻ ቢሠራ ኖሮ እያንዳንዱ ራውተር በዓለም ያለውን መሣሪያ ሁሉ አንድ በአንድ መመዝገብ ነበረበት። አይፒ ግን የቦታ ቁጥር ነው። 24 ቢቶች የሚጋሩ ማሽኖች አንድ ቦታ ስለሚገኙ ራውተሩ ለሁሉም አንድ መስመር ይጽፋል። ላፕቶፕህን ይዘህ ሌላ ቤት ስትሄድ አይፒህ የሚቀየረው ቦታህ ስለተቀየረ ነው።

ታዲያ ማክ ለምን ቀረ? አይፒ የመጨረሻውን መዳረሻ ነው የሚናገረው። ሽቦው ወይም ዋይፋዩ ላይ ግን «አሁን፣ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ ይህን የሚቀበል ማነው?» የሚለው መታወቅ አለበት። ያን የሚመልሰው ማክ ነው። አይፒውን ወደ ማክ የሚያገናኘው ደግሞ በ1982 የተጻፈው አርፕ የተባለ ፕሮቶኮል ነው። አሠራሩ እንደ መንደር ጥሪ ነው። ላፕቶፕህ ለሁሉም ይጮሃል፤ «192.168.1.1 ማነው? ማክህን ንገረኝ።» ራውተሩ ብቻ «እኔ ነኝ» ይላል። ላፕቶፕህ መልሱን ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል።

እዚህ ጋ ልብ በል። ፓኬትህ ወደ 198.51.100.20 የምትሄድ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ያለው የመዳረሻ አይፒ 198.51.100.20 ነው። የመዳረሻ ማኩ ግን የቤትህ ራውተር ነው። ራውተሩ ሲቀበላት የውጪውን ልብስ ገፎ ይጥላል፤ ለሚቀጥለው ራውተር አዲስ ልብስ፣ አዲስ ማክ ያለብሳታል። በየፌርማታው ማኩ ይቀያየራል። የመዳረሻው አይፒ ግን እስከ መጨረሻው ያው ነው። ይህን አንዴ ከጨበጥክ «ለምን ሁለት አድራሻ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይጠፋል።

አንድ ቁጥር ሁለት ቤት

አሁን ወደ ጓደኛህ እንምጣ።

የአይፒ ቁጥር 4 በሚባለው አሠራር ውስጥ 4,294,967,296 አድራሻዎች ብቻ አሉ። 32 ቢት የተመረጠው በ1970ዎቹ ነው። ያኔ ነገሩ ሙከራ ነበር፤ በየሰው ኪስ ኮምፒውተር ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1990ዎቹ ቁጥሩ እንደማይበቃ ሲታይ ሦስት ክልሎች ለግል አገልግሎት ተለዩ። በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት። የመጨረሻው ሰነድ የወጣው በ1996 ነው። እነዚህን ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ቤቱ ውስጥ ይጠቀማል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ከግቢ አይወጡም። አደባባይ ላይ ያለ ራውተር በ192.168 የሚጀምር መዳረሻ ቢያይ የሚወስድበት መንገድ የለውም፤ ይጥለዋል።

ስለዚህ አንተም ጓደኛህም 192.168.1.7 መሆናችሁ ግጭት አይደለም። በሁለት ሕንፃ ውስጥ «ክፍል ቁጥር 7» እንደሚኖረው ማለት ነው። ችግሩ ከግቢ ሲወጣ ነው፤ እሱን የሚፈታው ናት የሚባለው፣ የግል አድራሻን በውጭ አድራሻ የሚተካው ዘዴ ነው።

በቁጥር እንየው። ብራውዘርህ ድረ ገጽ ሲከፍት ላፕቶፕህ አንድ የመነሻ ፖርት፣ ማለትም ግንኙነቱን ከሌሎቹ የሚለይ ቁጥር፣ ይመርጣል። 51514 ነው እንበል። መዳረሻው 198.51.100.20፣ ፖርቱ 443። ፓኬቷ ራውተሩ ጋ ስትደርስ «ከ192.168.1.7፣ ፖርት 51514» ትላለች። ራውተሩ ይህን ያጠፋና «ከ203.0.113.45፣ ፖርት 40022» ብሎ ይጽፋል። ማስታወሻው ላይ ደግሞ «40022 ማለት የ192.168.1.7 ፖርት 51514 ነው» ብሎ ይመዘግባል። ሰርቨሩ ያየው 203.0.113.45ን ነው፤ አይፒህን የሚያሳይህ ድረ ገጽም እንደዚሁ። መልሱ ወደ 203.0.113.45 ፖርት 40022 ይመጣል። ራውተሩ ማስታወሻውን ያያል፣ ቁጥሩን መልሶ ይቀይራል፣ ለላፕቶፕህ ይሰጣል። ጓደኛህ ቤት ያለው ራውተር የራሱ የውጭ አድራሻና የራሱ ማስታወሻ አለው። መልስህ እሱ ጋ የሚሄድበት ምክንያት የለም። አንተ ቤት ውስጥ ካለው ስልክ ጋር እንኳ አትደባለቅም፤ ፖርቱ ይለያችኋል።

ናት ዕድሜ አስቀጥሎናል፤ ይመሰገናል። እኔ ግን አልወደውም። ኢንተርኔት ሲነደፍ ማንኛውም ማሽን ማንኛውንም ማሽን በቀጥታ እንዲጠራ ነበር። ናት ባለበት ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ማስታወሻው ላይ ስለማይገኝ ይወድቃል። ቤትህ ሰርቨር ከፍተህ ሰው ሲያጣው፣ ጨዋታ ላይ ከጓደኛህ ጋር መገናኘት ሲያቅትህ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው ነገሩ። ራውተሩ ላይ ገብቶ «ይህ ፖርት ከተጠራ ለእገሌ ስጥ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። «ናት ስላለኝ ፋየርዎል አያስፈልገኝም» የሚሉ ደግሞ አሉ። አትስማቸው። ከውስጥ ራስህ ከፍተህ የምታስገባውን ነገር ናት አይመረምርም።

መንገዱን ማን ያውቃል?

ፓኬቷ ከቤት ወጣች። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ የምወደው ክፍል ነው።

እያንዳንዱ ራውተር ሰንጠረዥ አለው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ለዚህ የአድራሻ ክልል፣ በዚህ በኩል» ይላል። የቤትህ ራውተር ሰንጠረዥ በጣም አጭር ነው፤ «192.168.1.0/24 እዚሁ ነው፣ የቀረው ሁሉ ለኢንተርኔት አቅራቢው»። «የቀረው ሁሉ» የሚለው 0.0.0.0/0 ተብሎ ይጻፋል፤ ነባሪ መንገድ ነው። በኢንተርኔት እምብርት ላይ ያሉ ራውተሮች ግን እንዲህ ብለው ማምለጥ አይችሉም። የሁሉንም ክልል መያዝ አለባቸው፤ ይህ ከ900 ሺህ በላይ መስመር ነው። በኦገስት 2014 ዝርዝሩ 512 ሺህን ሲያልፍ፣ ለዚያን ያህል ብቻ ቦታ የነበራቸው የቆዩ ራውተሮች ተደነባብረው ነበር።

ሁለት መስመር ለአንድ አድራሻ ቢስማማስ? ሕጉ አንድ ነው፤ ይበልጥ የጠበበው ያሸንፋል። ከስላሹ በኋላ ያለው ቁጥር በበዛ መጠን ክልሉ ይጠባል፤ ስለዚህ /24 ከ/22 ይቀድማል። ወደ ትልቁ ከተማ የሚል ምልክትና ወደዚያች አንዲት ሰፈር የሚል ምልክት ቢኖሩህ ሁለተኛውን እንደምትከተለው ነው። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፓኬቷ መንገድ ስታ ብትዞርስ? ለዚያም መላ አለው። እያንዳንዷ ፓኬት ላይ ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለ። ሊኑክስ በ64፣ ዊንዶውስ በ128 ይጀምራል። በየራውተሩ አንድ ይቀነሳል። ዜሮ ሲሆን ራውተሩ ፓኬቷን ይጥልና ለላኪው «እኔ ጋ ሞተች» የሚል መርዶ ይልካል። ትሬስራውት የተባለው መሣሪያ የተሠራው በዚህች መርዶ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቫን ጃኮብሰን የተባለ የኔትወርክ ተመራማሪ ያመጣው ብልሃት ነው። መጀመሪያ ቲቲኤል 1 አድርጎ ይልካል፤ የቤትህ ራውተር ይጥላትና መርዶ ሲልክ ማንነቱ ይታወቃል። ቀጥሎ 2፤ ሁለተኛው ራውተር ይናገራል። ከዚያ 3። እንዲህ እያለ፣ ማንም ያልያዘውን ካርታ በመርዶ ብቻ ይስለዋል።

ትሬስራውት ስታነብ ግን አትቸኩል። መሃል ላይ አንዱ ራውተር 200 ሚሊሰከንድ ቢልና ከሱ በኋላ ያለው 40 ቢል፣ ያ ራውተር ቀርፋፋ ነው ማለት አይደለም። መርዶ መጻፍ ለራውተር የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ዋናው ሥራው ማቀበል ነው። ኮከብ ብቻ ካየህም መልስ የማይሰጥ ራውተር ነው፤ ቀጥሎ ያለው ከመለሰ ችግር የለም። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ዘሎ እስከ መጨረሻው ከፍ እንዳለ ከቀረ ያኔ ጠርጥር። እሱም ቢሆን ባሕር ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ብቻውን 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ይህን ማንም ኢንጂነር አያሳጥርልህም። ሌላው፣ የሄድክበትን እንጂ የመጣህበትን መንገድ አታይም። መመለሻው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው።

እነዚያን 900 ሺህ መስመሮች ማን ሞላቸው? ሰው አይደለም። ኢንተርኔት በየራሳቸው አስተዳደር ሥር ያሉ ኔትወርኮች ስብስብ ነው፤ በአንድ አስተዳደር ሥር ያለው እያንዳንዱ ክፍል ኤኤስ ይባላል፣ የራሱ ቁጥርም አለው። ጎረቤታሞች በቢጂፒ ፕሮቶኮል ይነጋገራሉ። «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው» ይላል አንዱ። ሰሚው «በእገሌ በኩል አሉ» ብሎ ለሚቀጥለው ያወራል። እንዲህ ወሬው ዓለምን ያዳርሳል። የዚህ ፕሮቶኮል ጥንስስ በ1989 ሁለት ኢንጂነሮች ምሳ ላይ ናፕኪን ላይ የጫሩት ነው። ዛሬም ኢንተርኔትን ያቆመው እሱ ነው።

ችግሩ ወሬ መሆኑ ነው። የዋሸ ቢኖርስ? ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ እንዲዘጋ ታዘዘ። ለዚያ ሲል 208.65.153.0/24 የእኔ ነው የሚል መስመር አወጣ። ነገሩ ከአገር ውስጥ አምልጦ በአቅራቢው በኩል ለዓለም ተሰራጨ። ዩቲዩብ በዚያን ጊዜ ያስታወቀው 208.65.152.0/22 ነበር። የቅድሙን ሕግ አስታውስ፤ የጠበበው ያሸንፋል። የዓለም ራውተሮች ሕጉን አክብረው ዩቲዩብን ወደ ፓኪስታን ላኩት። ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙ ሰው ጠፋ። መፍትሔውም ያው ሕግ ነበር፤ ዩቲዩብ ራሱ መጀመሪያ /24፣ ቀጥሎ ከዚያም የጠበቡ ሁለት /25 መስመሮችን አወጣ። ዛሬ «ይህ ክልል የዚህ ኤኤስ ነው» የሚል ዲጂታል ፊርማ አለ። ግን ሁሉም አይፈትሽም።

መዋሸት ብቻ ሳይሆን ዝም ማለትም ያጠፋል። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል የጠፉት፣ በጥገና ላይ በተፈጠረ ስህተት የኩባንያው የስም ሰርቨሮች (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉሙት) መንገድ ከቢጂፒ ስለወጣ ነው። ማሽኖቹ አልተቃጠሉም። «እኛ እዚህ ነን» የሚላቸው ጠፋ እንጂ።

የቀረው

እስካሁን ያየነው አይፒ ምንም ቃል አይገባም። ፓኬት ሊጠፋ፣ ሊደገም፣ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ይችላል። ያን የሚያስተካክለው ቲሲፒ ነው፤ ይቆጥራል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ያልደረሰውን ደግሞ ይልካል። ይህን የሚያደርጉት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸው፤ መሃል ያሉት ራውተሮች ስለ ቲሲፒ ግድ የላቸውም። ዩዲፒ ደግሞ ልኮ ይረሳል። ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ ይሻላል፤ ያለፈ ድምፅ ዘግይቶ ቢመጣ ምን ይጠቅማል?

የአይፒ 4 ማዕከላዊ ክምችት ያለቀው ፌብሩዋሪ 2011 ነው። አይፒ 6 በ128 ቢት ስለሚሠራ ቁጥሩ አያልቅም፤ ናትም አያስፈልገውም። 2001:4860:4860::8888 ዓይነት ቁጥር ካየህ እሱ ነው። ከ1995 ጀምሮ ሰነዱ አለ፤ ዛሬም ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

አሁን ላፕቶፕህን ክፈት። ትሬስራውትን (ዊንዶውስ ላይ ትሬሰርት ይባላል) ወደ 8.8.8.8 አስኪደው። የመጀመሪያው መስመር 192.168.1.1 መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ቁጥር ካገኘህ፣ አቅራቢህም ጋ ሌላ ናት ሳይኖር አይቀርም። ለማረጋገጥ የራውተርህን ገጽ ክፈትና የውጭ አድራሻ ብሎ የሚያሳየውን ድረ ገጹ ከነገረህ ጋር አስተያየው። ከተለያዩ 203.0.113.45 ያንተ ብቻ አይደለም፤ ከስንት ቤት ጋር ተካፍለኸዋል ማለት ነው። ያኔ ራውተርህ ላይ የፈለግከውን ፖርት ብትከፍት ከውጭ የሚደርስብህ የለም፤ አቅራቢህን የብቻ አድራሻ መጠየቅ ይኖርብሃል።